ያልፈረመችው ዋስ

የተሰረቀው ገንዘብ አይደለም። ገንዘቡማ በጠራራ ፀሐይ፣ በፍርድ ቤት ማኅተም ነው የሚወሰደው። የተሰረቀው ስም ነው። ስሟን የተሰረቀችው አዋላጅ ነርስ ደግሞ ከተረኝነት እንደወጣች፣ ነጭ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር፣ ፖሊስ ጣቢያው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋን በእጅጌዋ ትጠርጋለች።

ከፊቷ ያለችው ኢንስፔክተር ሃምሳን የተሻገረች፣ ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ ያደረሰች ሴት ናት። ሰው ሲያለቅስ አታቋርጥም። እንባው ሲያልቅ ነገሩ በራሱ እግር ይመጣል ባይ ናት።

«በይ እህቴ፣ ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነው። ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

አዋላጇ ነገረቻት። ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ደመወዟን ልትወስድ ስትሄድ ሲሶው የለም። ገንዘብ ያዡን ብትጠይቀው የፍርድ ቤት ትእዛዝ አውጥቶ አሳያት። የጤና ጣቢያው የአምቡላንስ ሹፌር የዛሬ ዓመት ከሦስት ወር ከሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማኅበር በደመወዙ ተበድሯል። ከዚያ ሥራውን ጥሎ ባሕር ማዶ ሄደ። ጥቂት ወር ላከ፣ ከዚያ ዝም። ማኅበሩ ከሰሰ፤ ተበዳሪው ሲታጣ ፍርድ ቤቱ በዋሱ ላይ ፈረደ። ዋሷ እሷ ናት። ዕዳው እስኪያልቅ፣ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ከደመወዟ ከሦስት አንድ እጁ ይቆረጣል።

«መጥሪያ አልደረሰሽም?»

«ወረቀቱ ላይ የተጻፈው አድራሻ የድሮ ቤታችን ነው። እዚያ በር ላይ ለጥፈውት ሄደዋል። እትዬ፣ በልጆቼ እምላለሁ፣ እኔ አልፈረምኩም።»

«ሹፌሩ ዋስ ሁኚኝ ብሎሽ አያውቅም?»

«ብሎኛል። አይሆንም አልኩት። ለሰው ሁሉ ቤት ላድስ ነው ይላል፤ ለኔ ግን ሊሄድ እንደሆነ ነገረኝ። ያን ዕለት ማታ ለባለቤቴ አጫወትኩት። እምቢ ማለቴን ሲሰማ ደስ እንዲለው ብዬ።»

«ለምን ደስ ይለዋል?»

አዋላጇ ዓይኗን ሰበረች። «ባለቤቴ ትንሽ ቅናት አለበት። ምጥ ሲመጣ አምቡላንሱ በራችን ላይ ጥሩንባ ይነፋል፤ እኔ ፀጉሬን ሳላስተካክል እሮጣለሁ። በቃ፣ ዓይኑ ደም ይለብሳል። አሁን ይኼ ሲመጣ ‹ባትወጂው ኖሮ አምስት ዓመት ደመወዝሽን ትገብሪለት ነበር?› ብሎኝ ትራሱን ይዞ ወጣ። ልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ ነው የሚተኛው። ልጆቹ አባዬ የት ሄደ ሲሉኝ ምን ልበላቸው?»

«አይዞሽ።»

«ደመወዜን ይውሰዱት እትዬ፤ እጄ እስካለ እሠራለሁ። ስሜን መልሱልኝ። ቤቴን መልሱልኝ።»

*

የመምሪያው ኃላፊ ወጣት ነው። ሪፖርት አጻጻፍ ያስተማረችው እሷ ናት። ከአራት ወር በፊት ግን «ዋና ኢንስፔክተር» የሚለው ሹመት ለእሱ ደረሰና፣ የብቻ ቢሮም አብሮት ሄደ። ኢንስፔክተሯ ለሰው ሁሉ «እግዜር ያክብርለት» ትላለች። ሆዷ ውስጥ ግን አንዲት ድመት ትቧጥጣታለች።

«የሹፌሩ ሥራ ነው» አላት ኃላፊው፣ ማመልከቻውን ግማሽ ድረስ አንብቦ። «ፊርማዋን ኮርጆ፣ ገንዘቡን ይዞ ጠፋ። ዝጊው እማዬ።»

«እማዬ» ማለቱን እንደ አክብሮት ነው የሚያየው። እሷ እንደ ጡረታ ደብዳቤ ነው የምትሰማው።

«ሁለት ቀን ስጠኝ» አለችና ወጣች።

*

የማኅበሩ ብድር ሠራተኛ ፈገግታ የማይለየው፣ ክራቫት ያሰረ ሰው ነው። ዋናውን ፎርም ከመዝገቡ አውጥቶ ዘረጋላት። ፎቶግራፍ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ፣ ከታች የዋሷ ፊርማ፣ ከጎኑ የባል ስምምነት ፊርማ።

«ራሷ መጥታ ነው የፈረመችው። እዚህ፣ እርስዎ በተቀመጡበት ወንበር። ቀኑም ሰዓቱም ተጽፏል፤ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት» አለ።

ኢንስፔክተሯ ፎርሙን በኤግዚቢትነት ይዛ ጤና ጣቢያው ሄደች፤ የማዋለጃ ክፍሉን መዝገብ አስወጥታ ጣቷን በቀኖቹ ላይ አስኬደች። ተመልሳ ስትመጣ የብድር ሠራተኛው ሻይ እየጠጣ ነበር።

«በዚያ ማክሰኞ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሴትዮዋ መንታ እያዋለደች ነበር። መንታዎቹን ላምጣልህ? መሄድ ጀምረዋል አሉ።»

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ረገፈ።

«እመቤቴ፣ ልጆች አሉኝ።»

«እኔም አሉኝ። እውነቱን።»

«ፎርሙን ሹፌሩ ነው ተሞልቶ ያመጣልኝ። ዋስ ራሱ ቀርቦ ነው መፈረም ያለበት፣ አውቃለሁ። ግን ሰልፉን ቢያዩት! ደግሞ ወረቀቱ የተሟላ ነበር። ከብዙዎቹ የተሻለ።»

«እንዴት የተሻለ?»

«ስንቱ ሦስት ልጅ እያለው ‹ያላገባ› የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል፤ የትዳር ጓደኛ ፊርማ እንዳናስመጣው። እኛም አናጣራም፤ ተበዳሪውም ዋሱም ይቺን ያውቃል። ይኼኛው ግን ‹ያገባች› ብሎ የባሏን ፊርማ ሳይቀር ይዞ መጣ። ምን ልጠርጥር?»

*

ባልየው ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ጠባብ ናት፤ ከስፌት መኪናው በስተኋላ ስስ ፍራሽ ተጠቅልሎ ቆሟል፤ በላዩ ትራስ። ኢንስፔክተሯ ስትገባ አፉ በመርፌ ቁልፍ ሞልቶ የሙሽራ ቀሚስ ወገብ ያጠባል። አንድ በአንድ እየተፋ አነጋገራት።

ፎርሙን ስታሳየው ጎንበስ ብሎ አፈጠጠበት።

«ይኼ የኔ ፊርማ ነው? ይኸውልዎት!» የደንበኞች ደረሰኝ አወጣ። በደረሰኙ ላይ ያለው ፊርማ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነው፤ ፎርሙ ላይ ያለው ግን የተቆራረጠ ነው። «የኔንም አስመስለዋል! እኔን ደርበው አዋረዱኝ!»

«ሚስትህስ? እሷ ፈርማለች ትላለህ?»

«አላውቅም። ሴት ልጅ ልቧ ከሄደ እጇ ምን ይዞት ይቀራል?» መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካ። «ለመሆኑ ይደውልላታል?» አለ።

«ማን?»

«እሱ ነዋ። ከዚያ ሆኖ። ስልኳን አይታችኋል?»

ኢንስፔክተሯ አዘነችለት። ቤቷ ስትገባ እንኳ ያ ሰው ከፊቷ አልጠፋም።

በማግስቱ የጽሕፈት መርማሪው ቃል መጣ፦ ሁለቱም ፊርማ፣ የሚስትም የባልም፣ በአንድ ሰው እጅ የተጻፈ ነው፤ ሁለቱም ከእውነተኛው ጋር አይመሳሰልም። ኃላፊው ከበሩ አንገቱን ብቻ አስገብቶ፣ «አላልኩሽም? ሹፌሩ ነው» አለና ሄደ።

*

የሹፌሩ ሚስት ፀጉር ቤት አላት። የደንበኛ ፀጉር እየተኮሰች ነው ያነጋገረቻት፤ ጭሱና ንዴቷ አንድ ላይ ይወጣል።

«ፈርማለታለች! ባትፈርምለት ነው የሚደንቀኝ። እኔ በሠርጌ ማግስት እንኳ አብሬው ቁርስ አልበላሁም፤ ምጥ መጣ ተብሎ ከሷ ጋር ሄደ። ከኔ ጋር ካሳለፈው በዚያች መኪና ከሷ ጋር ያሳለፈው አይበልጥም? ትክፈልለት! ደስታውን እሷ፣ ዕዳውን እኔ?»

«አንቺ ፈርመሽባት ይሆን?» አለቻት ኢንስፔክተሯ፣ በዝግታ።

መተኮሻው አየር ላይ ቆመ። ደንበኛዋ በመስተዋቱ ውስጥ ዓይኗን አፈጠጠች።

«እኔ? እኔ እንዲሄድ መች ፈለግሁ? ዋስ አጣሁ ብሎ አንገቱን ደፍቶ ሲመጣ ተንበርክኬ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። በሳምንቱ ተገኘ ብሎ እየጨፈረ ገባ። እኔ ያን ቀን ነው ባል ያጣሁት።»

ይኼ እውነት መሆኑን ለማወቅ ፖሊስ መሆን አያስፈልግም። ኢንስፔክተሯ እዚያው በሴትዮዋ ስልክ አስደወለች። ሹፌሩ ከባሕር ማዶ አነሳው፤ ፖሊስ መሆኑን ሲሰማ ድምፁ ሟሸሸ።

«ዋሷ ራሷ ሰጠችህ ወረቀቱን?»

«በእጇ አይደለም። ባዶውን ፎርም ስለምናት ጊዜ ሰጥቻት ነበር፤ አይሆንም ብላ በዚያው ይዛው ሄደች። በሳምንቱ ጠዋት ሥራ ስገባ የጤና ጣቢያው ጥበቃ ፖስታ ሰጠኝ። ማን አመጣው ስለው ‹የማላውቀው ሰው› አለ። ከፈትኩት፤ ተሞልቶ ተፈርሞ! ከላይ ቁራጭ ወረቀት ነበረበት፦ ‹አታመስግነኝ፤ እንዳታነሳብኝም። ባለቤቴ ከሰማ ትዳሬ ይፈርሳል።› እኔም አላነሳሁባትም።»

«ዕዳውንስ ለምን አልከፈልክም?»

«ሦስት ወር ላክሁ እትዬ። ከዚያ ሥራዬን አጣሁ። እኔ እሷን ልጎዳት? ምስኪን ሴት፤ መንገድ ሙሉ የምታወራኝ ስለ ባሏ ነበር።»

ይኼን ሲል የፀጉር ቤቷ ባለቤት ስልኩን ከኢንስፔክተሯ እጅ ነጠቀችው፤ «ስለ ባሏ? መንገድ ሙሉ? አንተስ ስለ ማን ታወራላት ነበር?» እያለች።

ኢንስፔክተሯ ደረጃውን ስትወርድ ለአዋላጇ ደወለችላት። ባዶው ፎርም የት ደረሰ? ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ ከዚያ ረሳችው። የደመወዝ ደብዳቤውስ? ፍሪጅ በዱቤ ሲገዙ ሁለት ኮፒ አስወጥታ አንዱ ተርፎ ነበር። ቦርሳዋ ውስጥ ይሁን፣ ቤት መሳቢያ ውስጥ ይሁን፣ እንጃ። ቦርሳዋ ደግሞ ሥራ ቦታ ቀኑን ሙሉ ምስማር ላይ ነው የሚውለው።

ስለዚህ እጁን ሊሰድ የሚችል ሰው ብዙ ነው። ግን ያ ሰው የሹፌሩን መሄድ አጥብቆ የፈለገ ሰው ነው። ከሹፌሩ በላይ የፈለገ።

*

ጠረጴዛዋ ላይ የራሷ ሪፖርት ተመልሶ ጠበቃት። ሲመለስባት ይህ አራተኛ ጊዜው ነው። በኃላፊው ቀይ እስክሪብቶ፣ «ለ‹ዋና› ኢንስፔክተር ተብሎ ይስተካከል።»

አዲስ ወረቀት ወሰደች። «ለ» ብላ ጻፈችና ቆመች። ቃሏ አንዲት ናት፤ ሁለት ፊደል። ብትጽፋት ወረቀቱ አይመለስም፣ እሷም ደግማ አትለፋም። አራት ጊዜ ሙሉ ገጽ ከምትገለብጥ ሁለት ፊደል ብትጨምር ምን ነበረበት?

እጇ ግን እምቢ አለ። ደስ ብሎኛል እያለች ለሰው የዋሸችበትን ሁሉ እጇ አያውቅም።

«ጉድ ፈላ!» አለች ለራሷ፣ ጮክ ብላ። ከጎኗ የተቀመጠው ፖሊስ ቀና አለ።

የዋስትናውን ፎርም ከመዝገቡ መዝዛ አወጣች። የጋብቻ ሁኔታ። ሁለት ሳጥን። «ያገባች» የሚለው ላይ ምልክቱ ወረቀቱን እስኪበሳ ተጫኗል።

ተነሥታ ቦርሳዋን አነገተች።

*

ልብስ ሰፊው የሙሽራዋን ቀሚስ ጨርሶ በር ላይ ሰቅሎታል። ኢንስፔክተሯ ወንበር ስባ ከፊቱ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ከንክኖኝ ነው የመጣሁት ወንድሜ። እዚች ጋ ‹ያላገባች› ቢባል የባል ፊርማ አይጠየቅም ነበር። ማኅበሩ አያጣራም፤ ይኼን የማያውቅ ሠራተኛ የለም፤ ሚስትህም ታውቃለች፣ ነግራህም ይሆናል። ታዲያ ይኼ ሰው ምን ቆርጦት ነው አንድ ፊርማ መኮረጅ ሲበቃው ሁለት የኮረጀው?»

«እኔ በምን አውቄ።»

«እስቲ አንድ ነገር ጻፍልኝ። የሚስትህን ስም፣ ከጎኑ ‹ያላገባች›። ከዚያ እሄዳለሁ።»

ነጭ ወረቀት አስቀመጠችለት። እስክሪብቶውን አነሣ። የሚስቱን ስም ጻፈ፤ በሚያምር ጽሕፈት። ከዚያ ቆመ። እስክሪብቶውን መልሶ አስቀመጠ።

«ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?»

«አንድ ቃል ናት። ጻፋት።»

«አልጽፍም።»

«ለምን?»

«ሚስቴ ናታ!»

«ወረቀት'ኮ ነው። ውሸት መሆኑን አንተም እኔም እናውቃለን።»

«ወረቀት?» ብድግ አለ፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። «በሱ እጅ የሚገባ ወረቀት ነው'ኮ! ሚስቴን ያላገባች ብዬ ጽፌ ልሰጠው? እንካ ባል የላትም፣ ውሰዳት ልበለው?»

የተናገረውን እሱም እሷም እኩል ሰሙት። ልብስ ሰፊው ወንበሩን አንሥቶ ቀስ ብሎ ተቀመጠበት።

«በል እንግዲህ፤ ተንፍሰው» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«እንዲሄድልኝ ነው» አለ፣ በተሰበረ ድምፅ። «ዋስ ካጣ እዚሁ ሊቀር ነው። ባሕሩን ቢሻገር ያ ጥሩንባ አይሰማም አልኩ። ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ አገኘሁት። ፎቶዋም የመታወቂያዋ ኮፒም ደብዳቤውም መሳቢያ ውስጥ ነበር። አድራሻውን የድሮውን ጻፍሁ፤ ደብዳቤ እንዳይመጣ። የራሴንም ፊርማ አበላሸሁት፤ አንድ ቀን ቢወጣ እንድክድ። መንገዱን በሚስቴ ደመወዝ ገዛሁለት እትዬ። ይከፍላል ብዬ ነበር። ቢከፍል ማን ያውቅ ነበር?»

«ሳይከፍል ሲቀርስ? ለምን ጥለሃት ወጣህ?»

ብጣሽ ክር አንሥቶ ጣቱ ላይ ጠመጠመ።

«ተከዳሁ ብል ሰው ያዝንልኛል። ቀናሁ ብል ይስቅብኛል።»

*

ኢንስፔክተሯ ሪፖርቱን ራሷ ወስዳ ለኃላፊው ሰጠችው። «ለዋና ኢንስፔክተር» ይላል፤ ጥርሷን ነክሳ ነው የጻፈችው። አንብቦ ሲጨርስ፣ «እንዴት ደረስሽበት?» አላት።

«እጄ ነገረኝ» ብላው ወጣች።

አዋላጇ ቢሮ ውስጥ እየጠበቀቻት ነበር። ባልየው ከአንድ ፖሊስ ጋር ግድግዳው ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ እጁ በካቴና። የሰጠው ቃል ሲነበብላት አዋላጇ አላለቀሰችም። እንባዋን ለካ ቀድማ ጨርሳዋለች።

«ፊርማው የኔ ነው ብልስ?» አለች፣ ሲያልቅ።

«አምስት ዓመት ትከፍያለሽ። እሱም አይከሰስም። ግን ያን ውሸት እኔ በእጄ አልጽፍልሽም፤ ሌላ ሰው ፈልጊ።»

ባልየው ቀና አለ። ተስፋ ዓይኑ ላይ ብልጭ አለ። አዋላጇ ዞር ብላ አየችው፤ የሚጨነቅ በሽተኛ እንደምታይ፣ ረጋ ብላ።

«ትራስህን ይዘህ ስትወጣ፣ ልጆቹ በር ላይ ቆመው ሲያለቅሱ፣ እኔ በልጆቼ እየማልኩ እግርህ ላይ ስወድቅ፤ ያኔ ታውቅ ነበር?»

ባልየው ካቴናውን ተመለከተ።

«ታውቅ ነበር» አለች ራሷ። «ቅናትህን አሥራ ሁለት ዓመት ችዬዋለሁ። ስትናደድ ለኔ ብሎ ነው እያልኩ ለሰው እመካብህ ነበር። እምዬን! ደመወዜን ብቻ ብትወስድ እኮ ዝም እል ነበር። እኔኑ ሌባ አድርገህ እኔኑ ይቅርታ አስለመንከኝ።»

እስክሪብቶውን ከኢንስፔክተሯ እጅ ወስዳ፣ ቃሏን ሁለት ጊዜ አንብባ፣ ከታች ፈረመች። ቆረጣው ከሚቀጥለው ወር እንዲነሣ ደብዳቤው በዚያው ቀን ለፍርድ ቤት ይሄዳል።

ያኔ ከታች ጥሩንባ ተነፋ። ረጅም፣ ሁለት ጊዜ። አዋላጇ ከወንበሯ ተስፈንጥራ ተነሣች፤ «ይቅርታ እትዬ፣ ምጥ ነው» ብላ ነጭ ጫማዋን ደረጃው ላይ እያስጮኸች ወረደች።

ልብስ ሰፊው አንገቱን ወደ መስኮቱ አሰገገ። አግዳሚው ሩቅ ነው፣ ካቴናውም ያዘው። ሰማዩን እንጂ መንገዱን ማየት አልቻለም።

«እትዬ» አለ። «አዲሱ ሹፌር ማነው?»

ኢንስፔክተሯ መስኮቱ ጋ ቆማለች። ከታች፣ ከአምቡላንሱ መሪ በስተኋላ፣ ወፍራም መነጽር ያደረጉ፣ የልጅ ልጅ ያዩ የሚመስሉ አንዲት ደልደል ያሉ ሴትዮ ተቀምጠዋል። ለአዋላጇ በሩን ከውስጥ ከፈቱላት።

«እባክዎ። ወጣት ነው?»

መኪናው ጥሩንባውን እየነፋ ሄደ። ኢንስፔክተሯ መጋረጃውን ሳበችው። አልነገረችውም።